የቻይናዋ መርዶ

ዝንጅብል የጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ የመጀመሪያ ዝናብ ይመስላል። ሰሞኑን አዲሱ ገበያ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ከተከፈተ ምግብ ቤት ያ ድምፅ መጣ፤ ሽታውም ተከተለው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ደግሞ ያ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ጠቆር ያለ ጨዋማ ፈሳሽ። ወያላው «እናት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ላስገባ?» ሲለኝ አልመለስኩለትም። እኔ እዚያ አልነበርኩማ! ሽሮ ሜዳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ክር ከፊቴ ዘርግቼ የተቀመጥኩ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር፤ እማዬ ደግሞ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና «ይቺ ቻይና ዛሬስ ምን እየገደለች ነው?» ትላለች።

ልንገርሽ እንግዲህ።

አባዬ ሸማኔ ነበር። ከጨንቻ ደጋ በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የቀረ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ የሚውል ሰው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቼ ክር እጠነጥንለት ነበር። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በራሴ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳላነበው አይጣልም ነበር። እንግሊዝኛዬም እንደዚያው፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ።

ግቢያችን በር አጠገብ አንዲት የምትከራይ ክፍል ነበረችን። ባዶዋን ከርማ፣ አንድ ቀን ከሰፈራችን ልጆች አንዱ፣ ቻይንኛ ተምሮ ከከተማው ዳር ባለ የጨርቅ ፋብሪካ አስተርጓሚ የሆነው፣ አንዲት ቀጭን ሴት ከኋላው አስከትሎ መጣ። ፀጉሯ አጭር ነው፤ ሻንጣዋን እሷው ራሷ ትጎትታለች።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው ካምፕ ውስጥ መኖር ሰልችቷታል» አለው አባዬን። «ሰው መሀል ነው መኖር የምፈልገው እያለች ነው።»

«ሰው መሀል ለመኖር ከቻይና ድረስ ይመጣል እንዴ?» አለች እማዬ። «እዚያ ሰው አነሰ?»

አባዬ ስቆ ክፍሏን ሰጣት። በማግሥቱ ጧት ግን የሽመና ክፍሉ በር ላይ አንሶላ ሰቅሎ አገኘሁት። «ለአቧራው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያ በር አቧራ ገብቶ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ በማሽን የታተመ የሐበሻ ቀሚስ ገበያው ውስጥ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ጥለቱ፣ ማለቴ ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ፣ ከሩቅ ሲያዩት በእጅ የተሠራ ይመስላል፤ ገልብጠሽ ስታዪው ጀርባው ነጭ ነው፣ ቀለም ብቻ። ሸማኔው ሳምንት ጀርባውን ያጎበጠበትን ማሽኑ ቁርስ ሳይበላ ያወጣዋል። ሽሮ ሜዳ ውስጥ የማይጠረጠር ሰው አልነበረም። ጥለት የሚያይ ሁሉ ሌባ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳ ደግሞ ይባስ። አባዬ በዚያ ዓመት ለጥምቀት ገበያ አዲስ ጥለት አውጥቶ ነበር፤ ነፋስ የገለበጠው የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ብርማ። ጥምቀት ድረስ ለገዛ ወንድሙም አላሳየውም። የቤታችን የዓመት ተስፋ ያ ጥለት ነበር። እና በራችን ላይ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ተከራየች።

ፎቶ ደግሞ ታነሳለች። ምን ልበልሽ፣ የማታነሳው ነገር የለም። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጠላ፣ የእማዬን አንካሳ ዶሮ። ማታ የፋብሪካው ሰርቪስ ጥግ ላይ አውርዷት ስትገባ አንሶላው ውጭ ቆም ትልና የመወርወሪያውን ድምፅ ታዳምጣለች። ከአጥራችን ወዲያ ያለው ጎረቤታችን፣ እሱም ሸማኔ ነው፣ ይህን አይቶ እንቅልፍ አጣ።

«ጆሮዋን ቀስራ የምትቆመው ለምን ይመስልሃል?» ይለዋል አባዬን። «ምቱን እየቆጠረች ነው። ከምቱ ጥለቱን ታወጣዋለች።»

«ከምት ጥለት ይወጣል?»

«ለእኔና ለአንተ አይወጣም። እነሱ ግን ኮምፒውተር አላቸው።»

አባዬ «ተው አንተ ሰው» ይላል። ጎረቤታችን ሲሄድ ግን መወርወሪያውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳይሰማ መወርወር ይጀምራል። እንደዚያ ሥራ ይሠራል? ክሩ እየተበጠሰበት ይናደዳል።

እኔስ? እኔም እጠረጥራት ነበር። መጀመሪያ ቀን ያቀመሰችኝን ፓስታ መሳይ ነገር በሹካ እየበታተንኩ የእንቁራሪት እግር ፈልጌበታለሁ። የለም። ሁለተኛም ፈለግኩ። ሦስተኛ ቀን ላይ መፈለጉን ትቼ መብላት ጀመርኩ፤ እማዬን ዝንጅብሉ እንዳይሸታት አፌን በነጭ ሽንኩርት አሽቼ እገባለሁ። ማታ ማታ ደረጃዋ ላይ ተቀምጠን ቃል እንለዋወጣለን። አለ። የለም። አውቃለሁ። አላውቅም። «አላውቅም» የሚለውን በጣም ወደደችው፤ ለሚጠይቃትም፣ ለታክሲውም፣ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ለሚከተሏት ልጆችም እሱኑ ነው የምትመልሰው። እኔ ከሽሮ ሜዳ ወዲያ ዓለም እንዳለ የማየው በእሷ በኩል ነበር። እንድትሄድ አልፈልግም ነበር፤ ያን ያህል ነው ነገሩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ነፋሱ አንሶላውን ገለጠው። እሷ ደጅ ቆማለች። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በትንሿ መስኮት የገባው ብርሃን ትከሻው ላይ አርፎ፣ ቅጠሉ ከፊቱ ተዘርግቶ። ስልኳን አነሳች፤ ቀጭ አለ ድምፁ። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ነበር ለካ።

«አነሳችው! አነሳችው! በዓይኔ በብረቱ!»

ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እሷ «ብርሃኑ፣ ብርሃኑ» ለማለት በእጇ መስኮቱን ታሳያለች፤ ማን ሰምቷት! ፎቶውን ፊታቸው አጠፋችው፤ ጎረቤታችን «ከዚህ ቢጠፋ እዚያ ደርሷል» አለ። አባዬ ያን ምሽት አስተርጓሚውን አስጠርቶ፣ ዓይኗን ሳያይ «ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ትፈልግ በላት» አለው። ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች፤ እኔ ያስተማርኳት ቃል ነው። እኔ ማጠንጠኛው ላይ አቀርቅሬ ክሩን አወሳሰብኩት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጥፋት ተገኘባት። ውሃ። ያን ጊዜ ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ እሷ ከሥራ እንደገባች መታጠቢያዋን ዘግታ ቧንቧውን ትከፍተዋለች፣ ይፈሳል፣ ይፈሳል፣ አያባራም። እማዬ ደጇ ላይ ቆማ ታጉረመርማለች፤ «ዝሆን ነው የምታጥበው?»

«ክር እየነከረች ነው» አለ ጎረቤታችን ባጥር። «ቀለሙን እየሞከረች ነው፤ አልነገርኳችሁም?»

እማዬ የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ሄዳ ሁሉ አየች፤ ቀለም ካለው ብላ። ውሃው ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሆኑ ራሱ አስጠረጠራት።

አርብ ቀን፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ጫማውን እያየ «ጋሼ፣ አባቷ ሞተዋል» አለ። «ቢሮ ውስጥ አለቆቿ ሲያወሩ ሰማሁ። እሷ ስትገባ ዝም አሉ። አልነገሯትም።»

እንግዲህ የእማዬን ነገር ማየት ነበረብሽ። ያቺ ስለ ውሃ ስታጉረመርም የነበረች ሴት ጭኗን መታች። «ወይኔ ልጄ! በሰው አገር!» አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደግሞ፣ «እንዳትሰማ! ማንም ትንፍሽ እንዳይል!» አለች።

መቼም ታውቂዋለሽ። ሰው የሞተበት ሰው እኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገረውም። በስልክማ ጨርሶ። በልቶ ይደር፣ ተኝቶ ይደር ይባላል፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የእድር ሰው ይሰበሰብና ንጋት ላይ፣ የሚይዘው ክንድ በግራ በቀኙ ቆሞ ነው የሚነገረው። አስተርጓሚው ቋንቋቸውን ለቅሞ ያውቃል፤ የተወለደው ግን ሽሮ ሜዳ ነው። አለቆቿ ዝም ሲሉ እንደኛው እየደበቋት መሰለው። መርዶው እሑድ ንጋት እንዲሆን ተቆረጠ። ማን ይነግራል ሲባል አባዬ «ቤቴ ውስጥ ነው ያለችው፤ እኔ ነኝ» አለ።

እስከዚያ ታዲያ መደበቅ ነው። መደበቅ ማለት ደግሞ ለእኛ ሰፈር ደግ መሆን ማለት ሆነ። አርብ ማታ ስትገባ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተነስቶ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳት። ልጆቹ እናቶቻቸው አስፈራርተዋቸው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ዝም አሉ፤ አንዱ ብቻ ተሳስቶ «ቻ...» ብሎ በኩርኩም ቀረ። እማዬ ሽሮ በሳህን ይዛ ሄዳ ካልበላሽ ብላ አናቷ ላይ ቆመች። ቅዳሜ ጧት ደግሞ የጎረቤታችን ሚስት እንቁላል ጠብሳ መጣች። ያቺ እንኳን እንቁላል ሰላምታ ሰጥታት የማታውቅ!

ቅዳሜ ማታ ደረጃዋ ላይ ጠራችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ለምን?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ለምን ሳቅ?»

«አላውቅም» አልኳት።

አተኩራ አየችኝ። ያንን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚዋሽበት ግን ያን ቀን ሳታይ አልቀረችም። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋና በእጇ «እኔ እሄዳለሁ፤ ሰው ደስ አለው» አለችኝ። እኛ የምንስቅላት ልትለቅልን ስለሆነ መስሏት ነበር! እንዲህ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እማዬ ከማጀት ሆና በስሜ ጠራችኝ። ወደ ቤት ስገባ የበሯ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፤ ተመልሶ ሲሞከርም ሰማሁ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከላይ ከእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ ጭስና የቅዳሴ ድምፅ አብረው ይወርዳሉ። ግቢያችን ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የእድሩ ዳኛ በትሩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሸማኔዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ይዘዋል። ሰው ሁሉ እንባውን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እና መጋረጃዋ ትንሽ ተገለጠ።

ፊቷን አየሁት። ወዲያው መጋረጃው ተመለሰ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት ተሰማ። ጠረጴዛዋን በሩ ላይ እያስደገፈች ነው! ያን ሁሉ የተከናነበ ሰው በጨለማ ደጇ ላይ ስታይ ምን ታስብ? ወዲያው ደግሞ ስልክ ጮኸ። እዚያው፣ ለቅሶ ሊጀምር በተዘጋጀው ሰው መሀል፣ በአስተርጓሚው ኪስ ውስጥ። ለእርዳታ የደወለችው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ደጇ ላይ ከኛ ጋር ቆሟል። ኪሱን በሁለት እጁ ጨብጦ ሊያፍነው ሞከረ። አንዷ ሴትዮ «አጥፋው እንጂ አንተ!» አለች።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺን ታምናለች። ሂጂ።»

በሩ ላይ አፌን አስጠግቼ «እኔ ነኝ። አትፍሪ» አልኳት።

«ዛሬ እሄዳለሁ» አለችኝ ከውስጥ። «አሁን። ችግር የለም። አሁን።»

«አይደለም። ክፈቺ። እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛው ተጎተተ፤ በሩ ተከፈተ። ሻንጣዋ አልጋው ላይ ክፍት ነበር፤ ግማሽ ልብሷ ገብቷል። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ አስተርጓሚው ተከተለው፤ እማዬና ሌሎች ሴቶች እስከ ደፉ ድረስ በሩን ሞሉት። አባዬ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመረ።

«ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ እንግዳ ነው... አባትሽ ታመው ነበር አሉ...»

አስተርጓሚው ሊተረጉም ሲጀምር ድምፁ ተሰበረ። ሴቶቹ ይህን ሰሙ፤ ቀሪውን አልጠበቁም። «ወየው! ወየው!» ግቢው ተናወጠ።

እሷ ሴቶቹን አየች። አባዬን አየች። እኔን አየች። ከዚያ በእኛው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ፣ «አውቃለሁ» አለች።

ለቅሶው እንደተበጠሰ ክር መሀል ላይ ቀረ። አንዷ ትንሽ ቀጥላ ነበር፤ እሷም አፈረችና ተወች።

«ምን አለች?»

«አውቃለሁ አለች።»

አስተርጓሚው ጠየቃት፤ መለሰች። ፊቱን ወደ ሰዉ ሳያዞር ነው የተናገረው። ረቡዕ እናቷ ደውላ ነግራታለች። አለቆቿም ያውቃሉ። መሄድ ብትፈልግም እስክትደርስ ቀብሩ ያልፋል።

«አውቃ ነው ሐሙስ ሥራ የሄደችው?» አለች የጎረቤታችን ሚስት። «አውቃ ነው የኔን እንቁላል የበላችው? ኧረ ይቺ ድንጋይ ናት! እኔስ መጀመሪያም...» ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ጥርጣሬው ከሄደበት ሲመለስ በዓይኔ አየሁት፤ ነጠላቸው ሁላ ከትከሻቸው ሲቃና። አንዳንዱ ወደ በሩ ዞሯል። ያን ጊዜ ነው አባዬን ያየሁት፤ አንድ ቃል ቢናገር ቻይናዋ ትወጣለች፣ በዚያው ጧት፣ በዚያችው ሻንጣ።

አባዬ ግን አልሰማቸውም። «ሲነገራት ማን አብሯት ነበር?» አለ።

እኔው ጠየቅኳት። ጥያቄው ቶሎ አልገባትም፤ ሲገባት ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ አልጋውን፣ ማንደጃዋን፣ መታጠቢያውን፣ ሰው የምትፈልግ ይመስል።

«የለም» አለች።

«ውሃው» አለች እማዬ ከኋላ።

ከደፉ ላይ ቀስ ብላ ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ገብቶት እስኪጨርስ ትንሽ ፈጀ፤ ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ማታ፣ አርብ ማታ እንደዚያ የሚፈሰው ውሃ ምን ድምፅ ሊሸፍን እንደነበር። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ማልቀስ ጀመረች፤ ይሄ የተዘጋጀው ዓይነት አልነበረም። ቻይናዋ እሷን አይታ አጠገቧ መሬት ተቀመጠች። ሁለቱ መሬት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አንዲት ቃል የምታግባባቸው አልነበረችም።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባል አይደለችም እኮ» አለ። «ድንኳን፣ ወንበር...»

«አባሉ እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «ለቅሶው ቤቴ ነው።»

በቃ። ወንበሩ መጣ፣ ሰሌኑ ተነጠፈ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ጥምቀት ደፍ ላይ ደርሶ፣ ሸማኔ ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ በሚሠራበት ሰሞን፣ ያ መንደር ሦስት ቀን የመወርወሪያ ድምፅ አልተሰማበትም። ጎረቤታችን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ኋላ ላይ «የአባቷ ሥራ ምን ነበር?» አለ።

የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ከተማው እንዲህ ትልቅ ነው አለች፤ እጇን ዘረጋች፤ አልበቃ ሲላት ተወችው። ልጅ ሳለች ከወንበራቸው ኋላ ተቀምጣ፣ ሥራቸው እስኪያልቅ ከጫፍ ጫፍ አብራቸው ትዞር ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስትነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ እዚያ የምታውቂው ሰው አለ ወይ? አለ አለቻቸው። ማንም አልነበራትም።

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም፣ ድንጋይ ያለቻት የጎረቤታችን ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሰሌኑን አቋርጣ ሄዳ፣ ጠጋ በይ ብላ፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

ወሩ ሲያልቅ ቻይናዋ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። «የት ልትሄጂ ነው?» አላት። «ወር አለቀ» አለችው። «ወር መቼ ሳያልቅ ቀርቶ ያውቃል?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። አንሶላውን ግን አላወረደውም። እሷም አጠገቡ ስልኳን አላወጣችም። እንዲያ ሆነው፣ አንዱ ሰቅሎ፣ አንዷ አቀርቅራ እያለፈች፣ ማታ ግን አንድ ትሪ ላይ እየበሉ፣ ክረምቱ እስኪገባ ኖሩ። ክረምት ላይ የፋብሪካው ውሏ አበቃና አገሯ ገባች።

ከሄደች ከዓመት በኋላ ጎረቤታችን የታተመ ቀሚስ አንጠልጥሎ መጣ። ጠርዙ ላይ ቅጠል አለ፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጣ ያለ። «ይኸው! ይኸው የቻይናህ ሥራ!» አባዬ ጨርቁን ተቀበለ፤ ገልብጦ ነጩን ጀርባውን አየ፤ መልሶ ፊቱን አየ። የኛ ነው? ቅጠል እንግዲህ ቅጠል ነው፤ ጥለቱን እኮ ጥምቀት ላይ ያየው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነው አልልሽም፣ አይደለም አልልሽም። እስካሁን አላውቅም።

«ደውልና ጠይቃት!» አለ ጎረቤታችን።

«ለቅሶዋን ተቀምጫለሁ» አለ አባዬ ጨርቁን እየመለሰለት። «ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?»

ደግሞ ትደውል ነበር። በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ። «አባባ ደህና?» ትላለች፤ አቅርቢልኝ ትለኛለች፤ ሁለቱ በየቋንቋቸው ይጯጯኻሉ፤ አባዬ አገሩ ሩቅ ስለሆነ ካልጮኸ የማይሰማ ይመስለው ነበር።

አባዬ ያረፈው ካቻምና በዐቢይ ጾም ነው። እሷ ስትደውል ሰሌኑ ገና አልተጠቀለለም፤ እኔ ጥቁሬን ለብሻለሁ። «አባባ ደህና?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የት እንዳለች አሰብኩ። እናቷ ገጠር እህቷ ዘንድ ገብታለች፤ እሷ በዚያ ትልቅ ከተማ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ በተደረበበት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ ጎረቤትሽ ማን ነው ብዬ ጠይቄያት «አላውቅም» ብላኛለች፤ ፊት ለፊቷ በር አለ፣ ሲዘጋ ብቻ ትሰማዋለች። አስተርጓሚው አግብቶ ሌላ አገር ገብቷል። ማንን ልላክ? ማን ንጋት ላይ ደጇ ይቆማል? ማን ክንዷን ይይዛል?

«ደህና ነው» አልኳት። «ሥራ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሁሌ ትጠይቀኛለች፣ ሁሌም ደህና ነው እላታለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። አቅርቢልኝ ማለቱን ትታለች። አንድም ቀን አላለችኝም፣ ከዚያ ወዲህ። «ሰላም በይልኝ» ብቻ ትላለች፤ ቀስ ብላ። ታውቅ ይሆን እላለሁ። አውቃ ይሆን ያን ሁሉ ጊዜ የምትጠይቀኝ?

ባለፈው ጥምቀት ደወለች።

«አባባ ደህና?»

«ደህና ነው።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።